አይጥ የወለደችበት ላንድሮቨር

ሮቤ፣ መስከረም 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዚር፣ ባለህበት ሁሉ አላህ ጤናህን አይንሳህ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አካም ጅርታ? ነጋ ነህ? እኛ ደህና ነን፣ ከብቱም ደህና ነው፤ ክረምቱ ሮቤን አጥቦ አጥቦ ሲሰለቸው ተወን፣ የሲናና ስንዴ ዘንድሮ ወገብ ይደርሳል። ሰላምታው ይኸው ነው። የቀረውን በገዛ እጄ ነው የምጽፈውና እንደ ድሮው ለስላሳ እንዳይመስልህ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ መምህር ፍስሐ እኔ «ውሸታም» ስለው እሱ «የተወደድክ» እያለ ነበር የሚጽፈው። መሠረተ ትምህርት ፊደሉን አሳየኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሳሙና ካርቶን ሳልል የመድኃኒት ብልቃጥ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ እጄን ራሴ አፍታታሁ። አሁን የምሰድበውን እኔው እሰድባለሁ።

የላክኸው ዕቃ ደርሷል። ከጂዳ የተመለሱት ሰዎች ናቸው ቤት ድረስ ያመጡልን። ሚስትህ ረቢያ ጥቅሉን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታይ! እጇን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ ፈታችው። ክብ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ ነገር ወጣ። ራሷ ላይ አደረገችው፣ ሰፋት። አንገቷ ላይ አዋለችው፣ ከበዳት። «አዴ፣ የጂዳ ሴቶች ይኼንን የት ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ። እኔስ ምን አውቄ! ኋላ አንድ ሾፌር ጎረቤታችን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመኪና መሪ ልብስ ነው አለን። ወዚር፣ ለሚስትህ አንዲት ሻሽ ሳትልክ መሪህን አለበስከው! ወላሂ ደንግጬ አፌ ተሳሰረ። የእኔ የሃጂራ አፍ ሲተሳሰር አይተህ ታውቃለህ?

አሁን ዋናውን ስማ። «ሐጄን አድርጌ፣ አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ፤ እስክመጣ መኪናዬም ሚስቴም አማና ናቸው፣ አደራ» ብለህ ላንድሮቨርህን ከጎተራዬ ጎን አቁመህ፣ ረቢያን ቤቴ አስገብተህ ከሄድክ ይኸው ሦስተኛ ዓመትህ። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ «ቆሞ የሚበሰብስ መኪና ለሕዝብ ይዋል» ሲል ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። «ባለቤቱ እየመጣ ነው! ሚስቱ እዚህ ቁጭ ብላ የማንን መኪና ነው የምትወስዱት?» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። ሰው አጨበጨበልኝ። ረቢያም አጨበጨበች።

አሁን ግን አባቷ ኦቦ ጃርሶ ከሲናና በፈረስ መጥተው ደጄ ላይ ቆመው፣ ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። «ሃጂራ፣ ልጄን ለዘመድሽ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ሽማግሌ ይዘሽ ቤቴ የመጣሽው አንቺ ነሽ። ባል ካላት ባሏን አሳዪኝ። ከሌላት ልጄን ይፍታልኝ፤ ገና ልጅ ናት፣ ወልዳ የምትስም ናት» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም የፈረሳቸውን ልጓም ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ መልስልኝ። ትመጣለህ ወይስ ትፈታታለህ? ከመጣህ ሰንጋ አርዳለሁ። ካልመጣህ ፍቺዋን ላክላት። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የመሪህን ልብስ አልብሰነዋል። ሞቆት ይሆናል።

የአክስትህ ልጅ ሃጂራ


ጂዳ፣ ኅዳር 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለአዴ ሃጂራ፣

ከባሕር ማዶ የምልክልዎ ሰላምታ የሳነቴ ጉም ሳይይዘው ከደጅዎ ይድረስ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝም፣ ንግድዎን ይባርክ፣ ለሞቱት ወላጆቻችን ረህመቱን ያውርድ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ግን የባሌ ሰው የሚችለው አይደለም።

አዴ፣ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ በተለይ መኪናው በሰላም እንዳለ ማወቄ። ብቻ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የሮቤ እርጥበት ብረት ይበላል። ግራሶ እንደጠፋ ሰዎች ነግረውኛል። ስለዚህ አባቴ ኮርቻውንና ጠፍሩን እንዴት ያኖር እንደነበር ያውቃሉ፤ የበሬ ሞራ አቅልጠው ኮፈኑን ከፍተው ሽቦውንም፣ ማጠፊያውንም፣ ሞተሩንም በደንብ ይቀቡልኝ። ውስጡ እንዳይሻግት ደግሞ ደረቅ የገብስ ጭድ በጆንያ ሞልተው ከወንበሩ ሥርና ከሞተሩ ጎን ይጎዝጉዙልኝ፤ ጭድ እርጥበት ይጠጣል። ከላይ በብርድ ልብስ ሸፍነው ሸራውን ያልብሱት። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው። ማንም ቁልፍ እንዳያዞር፣ ማንም ኮፈን እንዳይከፍት። አደራ።

ስለ ረቢያ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ሰላም ይበሉልኝ። ሰብር ያደረገ፣ የታገሠ ሰው አጅሩን፣ ዋጋውን ከአላህ ያገኛል።

ታናሽ ወንድምዎ ወዚር


ሮቤ፣ ጥር 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወዚር፣ እግርህ ወደ ቤትህ የሚመለስበትን ቀን አላህ ያቅርበው።

አሰላሙ ዓለይኩም። ሁላችንም ደህና ነን፤ ብርዱ ግን ጠዋት ጠዋት ውሃውን እንስራው ውስጥ በረዶ ያደርገዋል።

ያዘዝከውን አድርገናል። ከሥጋ ሻጩ ሞራ ለምኜ በብረት ድስት አቀለጥኩ። የቀባችው ረቢያ ናት። ኮፈኑ ውስጥ ግማሽ ሰውነቷ ገብቶ፣ በጨርቅ እየነከረች፣ አንዷንም ሽቦ ሳትዘል ቀባችልህ። ልጅ በቅቤ እንደሚታሸው። «ሲመጣ ደስ ይለዋል» እያለች። ጭዱን ከአባቷ አውድማ አመጣች፤ እሳቸው «ምን ሊሆንሽ ነው?» ቢሏት «ለወዚር» ስትል ፊታቸውን አዞሩ አሉ። ብርድ ልብስ ያልከውንም አለበስነው፤ የሠርጓን ቀዩን ብርድ ልብስ አምጥታ ኮፈኑ ላይ አነጠፈች። «እሱን ተይው፣ አሮጌ ፈልጊ» ብላት እንቢ አለች። ከዚያ ሸራውን ጎተትን፣ በገመድ አሰርን፣ ጨረስን።

ግቢው አሁን የሥጋ ቤት ሸተተኝ። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ሸራውን ሊልስ ይመጣል። ድመቴ ጎተራውን ትታ ኮፈኑ ላይ ውላ ታድራለች፤ ጆሮዋን ወደ ታች አድርጋ። ረቢያ «አዴ፣ ውስጡ የሚንጫጫ ነገር አለ» አለችኝ። ንፋስ ነው አልኳት። እንክፈተው ብትለኝ «ማንም ኮፈን አይክፈት ብሏል» አልኳት። እኔ አማና የተባልኩትን ነገር ቃል በቃል ነው የምጠብቀው። አንተም እንደዚያ ብትጠብቅ።

ወዚር፣ ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ጭድ አለ። ስለ ሞራ አለ። እኔ የጠየቅኩህ ግን ጭድ ነው? «ትመጣለህ ወይስ ትፈታታለህ» ነው ያልኩህ! ሰብር አልካት። ሰብርን ለሷ የሚነግራት ሰው ጠፍቶ ነው? አባቷ እስከ ክረምት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ሰብስቤ ቤትሽ እመጣለሁ ብለውኛል። እኔ ሮቤ ገበያ ኮርቻና ልጓም ሸጬ የማድር ሴት ነኝ፤ ካለ ስሜ ሌላ ሀብት የለኝም። «ሃጂራ የሰው ልጅ ወስዳ ለሌለ ባል ዳረች» ሲባል መስማት ይቅርብኝ።

መልስልኝ። በአንድ ቃል።

ሃጂራ


ጂዳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለአዴ ሃጂራ፣

በያላችሁበት ሰላምና በረካ ይውረድባችሁ። መልሴ የዘገየው ሥራ ከከተማ ከከተማ ስለሚያዘዋውረኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

አዴ፣ ይህን ደብዳቤ የያዘልኝ ሰው ሐጂ መሀመድአወል ይባላል፣ የጎባ ነጋዴ ነው። ከዚህ ተመልሶ ወደ አገር እየገባ ነው። መኪናውን ሊገዛው ተስማምተናል። ይመልከተው። ቁልፉን ይስጡት፣ በጥሩ ፊት ይቀበሉት፤ እኔን እንደማየት ይቁጠሩት።

ስለ ሌላው ጉዳይ ራሱን በቻለ ደብዳቤ እጽፋለሁ ኢንሻአላህ።

ወዚር


ሮቤ፣ መስከረም 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወዚር፣

ሰላምታሽን ጥለሽ ግቢ ይለኛል ቁጣዬ። ግን ሰላምታ ሱና ነው። አሰላሙ ዓለይኩም። ተወጣሁት።

ከትናንት ወዲያ የሆነውን ልንገርህና አንተም እንደ እኔ ተቀምጠህ ስማው፤ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም።

«መኪናው ይሸጥ» ያልከውን ሳነብላት ረቢያ ምን አለች መሰለህ? «አዲስ ሊገዛ ነው አዴ፣ ይዞት ሊመጣ ነው።» ወላሂ እንደዚህ አለች። እኔን ግን መኪናውን የሚሸጥ ሰው ለመምጣት የሚያስብ አልመሰለኝም። ደብዳቤውን አጥፌ ወደ ኮርቻዎቼ ሄድኩ። እሷ ጠዋት ተነስታ፣ ኮፈኑን ሳትነካ ሸራውን ከጎን ገልጣ የመኪናውን ጎንና ጎማ አጠበች፣ መስተዋቱን ወለወለች፣ ራሷም አዲስ ቀሚስ ለበሰች። ገዢ ሲያየው ንጹሕ ይሁንልህ ብላ።

ሐጂ መሀመድአወል መጣ። ዲኖ የሚባል የጎባ መካኒክ ይዟል። ጥሩ ሰው ነው፣ ሆዱ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ሽርጥ ታጥቆ ኮቱን ደርቦ። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጂው ጎማውን በእግሩ መታ፣ በሩን ከፈተ ዘጋ፣ «ማሻአላህ፣ የተጠበቀ ዕቃ ነው» አለ። ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ቁልፉን አዞረ። ምንም። ደግሞ አዞረ። እህ እንኳን አላለም።

«ባትሪው ይሆናል» አለ ዲኖ፤ «እስቲ ኮፈኑን ልክፈተው።»

ኮፈኑ ላይ የቀረውን ሸራ ፈታን። ብርድ ልብሱን ስናነሳው መሀሉ የለም! ጠርዙ ብቻ ቀርቶ መሀሉ ወንፊት ሆኗል። ረቢያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኮፈኑ ደግሞ በሞራው ተጣብቆ እንቢ አለ። ዲኖ እግሩን መከላከያው ላይ ተክሎ «ቢስሚላህ!» ብሎ ሳበው።

ያ ረቢ! ወዚር፣ ምን ልበልህ! መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ አፍንጫዬን በጥፊ መታኝ። ከዚያ ያ ሁሉ ሞተር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አይጥ! በባትሪው ላይ፣ በራዲያተሩ ሥር፣ በመሪው ዘንግ፣ እየተረጋገጡ ፈሰሱ። ረቢያ «ሀንቱታ! ሀንቱታ!» እያለች ጮኸች። አንዱ ወፍራም ዘለለና ሐጂው ሽርጥ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ያን ሆዱን ይዞ እንዴት እንደዘለለ አላህ ይወቅ፣ ሳየው የኮርቻዎቼ ክምር ላይ ቆሟል። ሽርጡን እያራገፈ «አውጡልኝ! አውጡልኝ!» ይላል። አጥር ላይ ያለው ሰው በሳቅ ወደ ግቢዬ ወደቀ። ድመቴስ? ድመቴ ጣሪያ ላይ ወጥታ ታያለች። ያን ሁሉ ጊዜ ኮፈኑ ላይ የተኛችው ስለሚሞቃት ነው ለካ!

ሲረጋጋ ዲኖ አንገቱን አስግጎ አየና ጠራን። ከሞተሩ ላይ ትልቅ ጎጆ ተሠርቷል። ከሥር ያንተ ጭድ፣ መሀሉ የወንበርህ ስፖንጅ፣ ላዩ የረቢያ ቀይ ብርድ ልብስ፣ በጥርስ ተነጭቶ ተነጭቶ እንደ ጥጥ ተባዝቶ። ውስጡ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ፀጉር ያላበቀሉ፣ ቀያይ ልጆች ተቃቅፈው ይንፈራገጣሉ። ዲኖ አንድ እፍኝ ሽቦ መዞ አሳየኝ። ልብሱ ተበልቶ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል፤ ግማሹ ተበጥሷል።

«ማን ነው ሞራ የቀባው?» አለኝ።

«ባለቤቱ አዞ ነዋ።»

«ጭዱንስ?»

«እሱው አዞ።»

«ገብሱ እኮ በደንብ አልተወቃም፣ ፍሬው አለበት። ከዚያ ከጎተራ ጎን አቁማችሁ፣ ማንም አይንካው አላችሁ። አዴ፣ ባለቤቱ ለአይጥ ነው የደገሰው። ሰው ቢጠራ እንኳን እንዲህ አያስተናግድም። በየሳምንቱ አንዴ ቢነሳ፣ ቢንቀሳቀስ ኖሮ አንዷም አትገባም ነበር።»

ረቢያ የቀባችው! አንዷንም ሽቦ ሳትዘል! ገና ከዚህ ድንጋጤ ሳልወጣ፣ ሐጂ መሀመድአወል ከኮርቻው ወርዶ፣ በመዝለሉ ያፈረውን እፍረት በቀልድ ሊሸፍን ጎጆውን አየና ሳቀ።

«አይ ወዚር! እሱ ጂዳ መንታ ወለደ፣ መኪናው እዚህ መንጋ ወለደለት!»

ማንም አልሳቀም።

«ማን ወለደ አልክ?» አልኩት።

«ወዚር ነዋ። መንታ። ወንድና ሴት። አቂቃቸውን፣ የስም ማውጫ ድግሳቸውን በልቼ፣ መርቄ ነው የመጣሁት። አልሰማችሁም እንዴ?» ከዚያ ዓይኑ ረቢያ ላይ አረፈ። መስተዋቱን የወለወለችበትን ጨርቅ እንደያዘች ቆማለች። «ይቺስ... ይቺ ማን ናት?»

«ሚስቱ ናት» አልኩት።

ሰውዬው ፊቱ አመድ ሆነ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ። ወላሂ አላወቅኩም፤ እህቴ ቤት መኪና አለኝ ነው ያለኝ። ሌላ ነገር አለኝ አላለም» አለ። ቁልፉን መሬት ላይ፣ አይጥ በሄደበት ላይ አስቀመጠው። በእጁ ሊሰጠኝ እንኳን አልደፈረም። ሄደ።

ረቢያ አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለኝ። ወደ መኪናው ሄደች፣ ጎጆውን አየችው፣ ኮፈኑን ቀስ አድርጋ፣ የተኙ ልጆች እንዳይነቁ እንደሚፈራ ሰው ቀስ አድርጋ መለሰችው። ገብታ አዲሱን ቀሚስ አወለቀች።

ሁለት ማግባት ይፈቀዳል እንዳትለኝ! የተፈቀደውን አውቃለሁ። ሁለት ማብላት ነው፣ ሁለት ማልበስ ነው፣ ሁለቱንም ዓይን ዓይናቸውን ማየት ነው። አንተ አንዷን አግብተህ ሌላዋን አቁመህ፣ ሸራ አልብሰህ፣ ማንም አይንካት ብለህ ሄድክ። ያንን የምታደርገው ለመኪና ነው፤ መኪናውም አልሆነለት፣ አየኸው!

ፍቺዋን ላክ። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው መመለሻ ላክ። ሌላ ቃል እንዳትጨምርበት።

ሃጂራ


ጂዳ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለአዴ ሃጂራ፣

አላህ ልብዎን ያርጋልኝ፤ ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ራሴን ያዝኩ። ይህን ያህል ዘመን ሞተር የነካሁ ሰው ነኝ፤ አይጥ ሽቦ ሲበላ ሰምቼ አላውቅም። አይጥ እህል ነው የሚበላው። መዳብ ግን ተፈላጊ ዕቃ ነው፤ ሰው ቆርጦ ይሸጠዋል። እርስዎን አልጠረጥርም፤ በግቢዎ የሚገባውን የሚወጣውን ግን ይመርምሩ። ሞራና ጭድ ያልኩትም አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ነው፤ ኮርቻውን አንድም ቀን አይጥ አልነካበትም።

የሐጂው ወሬ እውነት ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው እዚህ አይቆምም አዴ። ልነግርዎ ስል ቃሉ ከብዶኝ ስለ መኪናው እጽፍ ነበር። መኪናው እዚያ እስካለ እኔም አንድ ቀን እመለሳለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር መሰለኝ።

መንቶቹ ደህና ናቸው። ሴቷን ረቢያ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ይንገሯት፤ ደስ ይላታል።

ፍቺውን በተመለከተ አልጨክንም። ነገር ግን መኪናው መጀመሪያ ይሠራ፣ እንደ ነበረ ይሁን፣ ይሸጥ። ዕቃዬ በሥርዓቱ ሲገባልኝ የሷንም ነገር በሥርዓቱ እጨርሳለሁ።

ረቢያ ስትሰማ ምን አለች?

ወዚር


ሮቤ፣ የካቲት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወዚር፣ አላህ ለልጆችህ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። እነሱ ምንም አላደረጉም።

አሰላሙ ዓለይኩም። ከዚህ ጋር አንዲት ቁራጭ ሽቦ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። ወደ ብርሃን ያዛትና እያት። የጥርሱ ምልክት፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ተደርድሯል። የእኔ ጥርስ ከሆነ ንገረኝ።

ምን አለች አልከኝ። ደብዳቤህን አነበብኩላት። «ረቢያ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ፣ «ደስ ይላታል» የሚለውን ልዘለው አሰብኩ፣ ከዚያ አልዘለልኩም። ትሰማው ብዬ አነበብኩት። ልጓም እየሰፋች ነበር፣ መርፌውን አላቆመችም። ክሩን በጥሳ «ያቺኛዋ ረቢያ አጠገቡ ናት። እኔን ይልቀቀኝ» አለች። ይኸው ነው ያለችው። እኔ ያን ቀን እህል አልበላሁም።

እኔ ሞኟ እንዳልከኝ ልሠራው፣ ልሸጠው ተነሳሁ። መኪናው ካልተነሳ አትፈታትምና! ዲኖን አስመጣሁት። ዋጋ ቢለኝ ጥሩ ኮርቻ ሰጠሁት። ሞራውን በትኩስ ውሃና በአመድ ስንፍቅ ከረምን፤ ጭዱን አውጥተን አቃጠልን፤ ወንበሩን ፈታን፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ጎጆ! መኪናውን ገፍተን ከጎተራው አራቅነው። ዲኖ ሽቦ ከየት ከየት እንዳመጣ አልጠይቅም፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የሬዲዮ ገመድ ነው። ቤንዚኑን በጄሪካን ለምኖ አመጣ። ቁልፉን ሲያዞር ጮኸ፣ አጓራ፣ ጭሱ ጎረቤቱን አፈነና ተነሳ።

እልል ልል ስል ረቢያ እጄን ያዘችኝ።

«አዴ፣ አትሽጪው።»

«ምን ሆነሽ? ይሸጥ እኮ ነው ያለው፣ ከዚያ...»

«ከዚያ ሌላ ነገር ይላል። ጎማው የታለ ይላል። መስተዋቱ ይላል። እኔ በዚህ መኪና ጎባ ሄጄ ቃዲው ፊት እቆማለሁ።»

ይኼንን ነገር እኔ፣ አፈ ጮሌዋ፣ አላሰብኩትም። አባቷን ኦቦ ጃርሶን ጠርተን ማልደን ተነሳን። ዲኖ ይነዳል፣ እኛ ከጎኑ ተጨናንቀናል፣ ሽማግሌው ከኋላ ዱላቸውን ይዘው። ሮቤን ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ከመሪው በላይ ካለው ቀዳዳ አንድ አይጥ ብቅ አለ። ወላሂ! ያ ሁሉ ተፍቆ፣ ያ ሁሉ ተቃጥሎ! ጢሙን እያንቀሳቀሰ መንገዱን ያያል፣ እንደ ረዳት። ዲኖ «ኡፍ!» ብሎ መሪውን ሲጠመዝዝ ገደሉ አፍ ደረስን። ኦቦ ጃርሶ በዱላቸው ሊመቱት ሲሉ የመቱት የእኔን ትከሻ ነው። «ይቅርታ ሃጂራ» አሉ፤ ከዚያ ዱላቸውን አስተካክለው ይዘው «ግን ይገባሻል፤ ልጄን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ» አሉ። ረቢያ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው ከሳቀች!

ቃዲው ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። እኔ መናገር ስጀምር እጃቸውን አነሱና «ባለጉዳይዋ ትናገር» አሉ። ተናገረች። ሄደ አለች፣ ይኸው አራተኛ ዓመቱ አለች፣ አላበላኝም አላለበሰኝም፣ አልፈታኝም፣ አገባ ወለደ አለች። በአራት ቃል ጨረሰችው፤ እኔ ብሆን እስከ ዙህር ሶላት፣ እስከ እኩለ ቀን አልጨርሰውም።

«ትቶልሽ የሄደው ምንም ነገር የለም?» አሏት።

«መኪና አለ። በር ላይ ቆሟል። ይዩት።»

ቃዲው ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወጡ። የጎባ ሰው ተሰብስቧል። ዲኖ ኮፈኑን ከፈተላቸው፤ ያንን ቀይና አረንጓዴ ሽቦ፣ ያልወጣ የሞራ ጥፍጣፊ፣ የብርድ ልብስ ቀይ ፀጉር በየብሎኑ ተጠምጥሞ አዩ። ጎንበስ ብለው ሊመረምሩ ሲሉ ያ የመንገድ ጓደኛችን ከማሞቂያው ሥር ፊታቸው ላይ ብቅ አለ። «ሱብሃነላህ!» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ተፈናጠሩ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅን።

«ከዚህ ጋር ነው የኖርሽው?» አሏት።

«አዎ።»

«ተነስቶ፣ ነድቶ የሚወስድሽ አንድም ቀን አልመጣም?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ገብተው ተቀመጡ፣ ምስክር ጠየቁ፣ እኔን አስማሉኝ፣ ኦቦ ጃርሶን አስማሉ፣ ሐጂ መሀመድአወልን ከሱቁ አስጠርተው እሱንም አስማሉ። እሱ ወለሉን እያየ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ ጋብቻው ፈርሷል አሉ። ወዚር፣ ፍቺህን አልጠበቅንም። ረቢያ ያንተ አይደለችም። ዒዳዋን፣ ሳታገባ የምትቆይበትን ጊዜ፣ በአባቷ ቤት በሲናና ትቆጥራለች፤ ከዚያ ወዲያ የወደደችውን ታደርጋለች።

ስንወጣ ዲኖ በሩን ከፍቶ «ግቡ» አለን። ረቢያ «አልገባም» አለች። ዲኖ እኔን አየኝ። እኔም አልገባሁም። «ታዲያ መኪናውን ምን ላድርገው?» አለ። ምን ያደርገዋል! ቁልፉን ተቀብዬ ለቃዲው ጸሐፊ ሰጠሁት፤ «የወዚር አማና ነው፣ መልሻለሁ፣ ምስክር ሁኑኝ» አልኩ። ጎማው ሙሉ ነው፣ መስተዋቱ ደህና ነው፣ ሞተሩ ይነሳል። ከቃዲው አጥር ጎን ቆሟል። የሚጠብቀው ግን ማንም የለም። ሸራም አላለበስነውም። መጥተህ ውሰደው፣ ወይም ሰው ላክ፣ ወይም አይጦቹን ሰላም በላቸው።

እኛ ጋሪ ተሳፍረን ተመለስን። ኦቦ ጃርሶ ከሮቤ መውጫ ልጃቸውን ጠዋት አስረውት በሄዱት ፈረሳቸው ላይ አስቀምጠው፣ ልጓሙን ራሳቸው እየሳቡ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንሂድ» ብለው ወደ ሲናና ወሰዷት። እኔ ብቻዬን ቤቴ ገባሁ። ከጎተራዬ ጎን የነበረው ቦታ ለጥ ብሎ ታየኝ።

ግቢዬ ሰፋ።

የአክስትህ ልጅ ሃጂራ